በሐዲዱ ላይ የነበሩት ጭረቶች

ሰኔ 4 ቀን

ጋሼ፣

እንዴት ከረምክልኝ? ጤናህን በደብዳቤ መጠየቅ ከንቱ ልፋት ነው፤ አንተ "ደህና ነኝ" ብለህ ታልፈኛለህ። አብረሃት የምትኖረውን ልጅህን በስልክ ብጠይቃት እሷም ያንተው ልጅ ናት፤ "አባዬ ደህና ነው" ብላ ወሬውን ወደ ዝናብ ትወስደዋለች። ምነው ጆሮህን የማሽን ጩኸት ባልበላብህ ኖሮ፤ ድምፅህን በስልክ ሰምቼ ራሴ እፈርድ ነበር። እኛ ደህና ነን። "እኛ" የምለው እኔንና ቤቱን ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልግባ። አዎ፣ የጓሮው ክፍል እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም አንገቴ ላይ ነው። ስለ ዝናቡ ግን አልዋሽህም። ከጣሪያው ቆርቆሮ አንድ ምስማር ለቆ ውሃ ሲያንጠባጥብ ከርሟል፤ ፍሬዛህን፣ ያን ብረት የምትቆርጥበትን ማሽን፣ አልብሰኸው የሄድከውን ላስቲክም ንፋሱ ገልጦታል። ምስማሩን አስመታሁ። የማሽኑ ጠረጴዛ ግን ዝጓል። ብዙ አይደለም፤ ሻይ የፈሰሰበት ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ይመስላል። የምሠራበት ላውንደሪ ቤት እንዲህ ያለ እድፍ ሲመጣ ለእኔ እንደሚተዉልኝ ታውቃለህ።

ዕቃዎቹ ሁሉም አሉ። ብረት የሚጨብጠው ሞርሳ፣ የመቁረጫ መያዣዎቹ፣ በጣሳ ያሉት ቡሎኖች። መቁረጫዎቹ በዘይት ወረቀት እንደተጠቀለሉ ተኝተዋል። አንዷ ብቻ ጥርሷ ተሰብሯል፤ እኔ አልነካኋትም፣ እንዳታማኝ።

የድሮ ባልደረባህን፣ ዝምተኛውን፣ ሥራ ቦታው ድረስ ሄጄ አገኘሁት። "ጋሼ ማሽኑን ሊሸጠው ነው፣ መጀመሪያ ላንተ እንድነግርህ አዞኛል" ስለው የሚሠራበትን የቶርኖ ማሽን አጠፋ፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ይሁን እምቢ ማለቱ አልገባኝም። ያን ሁሉ ዓመት አብሮህ ሲሠራ እንዴት ነበር የምትግባቡት? ስወጣ ግን እስከ በሩ ሸኝቶኝ "እመጣለሁ" አለኝ። አንድ ቃል ካንድ ዝምተኛ አፍ ማውጣቴን እንደ ገድል ቁጠርልኝ።

"ልሸጠው ነው" ብለህ የጻፍካትን መስመር ሁለቴ አነበብኳት። እኔኮ በዚህ ደብዳቤ መቼ እንደምትመለስ ልጠይቅህ ነበር። ሳልጠይቅህ መለስክልኝ።

የኩላሊት እጥበቱ ያማል ወይ? ይህን እንኳን በእውነት መልስልኝ።

ታናሽ እህትህ


ሰኔ 11 ቀን

ለእመቤት ሳሙና፣

ደብዳቤሽን የአውቶቡሱ ሾፌር እቤት ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ጥሩ ሰው ነው፤ እጅ ሲነሳኝ እንደ ደንቆሮ ሳይጮህብኝ በዓይኑ ነው።

እጥበቱ አያምም። ያሰለቻል እንጂ። በሳምንት ሁለቴ ደሜን ከክንዴ አውጥተው፣ አጥበው፣ ይመልሱልኛል። ሙያሽ እዚህ ድረስ መድረሱን ባውቅ ኖሮ ዕድሜሽን በሆቴል አንሶላ ላይ እንድትጨርሺ አልፈቅድልሽም ነበር። አጣቢው ማሽን ከእኔ ፍሬዛ ያንሳል። ድምፁን አልሰማም፤ ግን እጄን ጎኑ ላይ ሳሳርፍ ፓምፑ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። አንድ ቡሎን ላልቶበታል። ነርሷን "የቡሎን ቁልፍ ስጪኝና ላጥብቅላችሁ" አልኳት፤ ሳቀችና ብርድ ልብሴን አስተካክላ ሄደች። ያ ቡሎን እስከ ዛሬ አልጠበቀም።

ለምን እንደምሸጠው ባትጠይቂኝም ልንገርሽ፦ የቆመ ማሽን ይሞታል። ሰው ሲደክመው ይቀመጣል፣ ማሽን ግን ቁጭ ማለት አያውቅም፤ ወይ ይሠራል ወይ ይዝጋል። እኔ ከዚህ አጣቢ ብዙ ርቄ መሄድ እንደማልችል ሐኪሙ በወረቀት ጽፎ አሳይቶኛል። ጽሕፈቱ መጥፎ ነው፤ ነገሩ ግን ይነበባል። ስለዚህ የምመኘው አንድ ነገር ነው፤ ማሽኑ በሚሠራበት ሰው እጅ እንዲገባ። ያን አይቼ ብሄድ ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ። ለቆራሌው በኪሎ እንዳይሸጥብኝ አደራ። ዝምተኛው ባይወስደው እንኳን ለሌላ ሰው ከመስጠትሽ በፊት ጻፊልኝ።

ሲመጣ መጀመሪያ ጉድለቱን ንገሪው። እኛ ቤት ዕቃ ሲሸጥ ጉድለቱ አስቀድሞ ይነገራል፤ ውበቱን ገዢው ራሱ ያየዋል። "እጀታው ወደ ኋላ ሲመለስ ጠረጴዛው ለአፍታ ያመነታል" በዪው፤ ይገባዋል። ጥርሷ የተሰበረውን መቁረጫ ከሌሎቹ ለይተሽ አስቀምጪ፤ ደህና ነች ብሎ እንዳይገጥማት።

ዝገቱን ጥረጊው። ንጹሕ ጨርቅ፣ ጥቂት ናፍጣ፣ ከዚያ ዘይት። ለገዢ የሚቀርብ ዕቃ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ይህን ላንቺ መንገር ግን ለቀባሪው ማርዳት ነው። ስለ ሐዲዱ፣ ማለት ጠረጴዛው ስለሚንሸራተትበት ብረት፣ በሰፊው ልጽፍልሽ የሚገባ ነገር አለኝ። ዛሬ መርፌው የገባበት ክንዴ አብጧል፤ ብዕሩም ከብዶኛል። በሚቀጥለው እጽፈዋለሁ።

ወንድምሽ


ሰኔ 18 ቀን

ጋሼ፣

ክንድህ እንዴት ሆነ? በሞቀ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አድርግበት፤ ሐኪሞቹ ባይሉህም አድርግበት።

ዛሬ ደስ ብሎኛል፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ መደበቅ እንደማልችል ታውቃለህ። ከላውንደሪው ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ የጓሮው ክፍል ውስጥ ከረምኩ። ኃላፊዋ "ምን ልትሠሪ ነው?" ብትለኝ "የወንድሜን ማሽን ላጥብ" አልኳት፤ የልብስ ማጠቢያ መሰላት፣ እኔም አላረምኳት።

ጠረጴዛውን እንዳልከኝ በናፍጣና በጨርቅ ጠረግኩት። ግን እዚያ ብቻ አላቆምኩም። ምን እንደሠራሁ አልነግርህም። ዝምተኛው ሐሙስ እመጣለሁ ብሏል፤ አይቶ እሱ ራሱ ይጻፍልህ። አንተ ሄደህ ይህ ማሽን እንደ ወላጅ አልባ ቆሞ ሳየው ስንት ጊዜ ሆዴ እንደባባ አልነገርኩህም። አንድ ነገር ልሥራለት ብዬ ነው። ጣቶቼ ተልጠዋል፤ ይህን ስጽፍ ብዕሩን በሁለት ጣት ነው የያዝኩት። ደግሞ ለአንተ ያልተላጠ ጣት ለማን ሊላጥ?

ይህን ብቻ ልንገርህ፦ ፊቴን አየሁበት። አርጅቻለሁ፣ ጋሼ።

ደብዳቤህን እጠብቃለሁ። ስለ ሐዲዱ እጽፋለሁ ያልከውን አትርሳ፤ ለዝምተኛው እንደ ባለሙያ ላወራለት አምሮኛል።

እመቤት ሳሙና


ሰኔ 19 ቀን

እቱ፣

ደብዳቤሽ ገና አልደረሰኝም፤ እኔ ግን ዛሬ ክንዴ ስለተሻለው ቃሌን ልፈጽም ተቀምጫለሁ። ልጄ ሥራ ሄዳለች፤ መስኮቱ አጠገብ ነኝ፤ ከፊት ለፊት ያለው ፎቅ ላይ አንድ ሰው ሙሉ ቀን በረንዳው ላይ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። እሱም እኔን ሲያይ ይውላል።

ጠረጴዛውን በእጀታው ወደ አንድ ጫፍ ብትወስጂው ከሥሩ ሐዲዱ ብቅ ይላል። ላዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጥቃቅን ጭረቶች ታያለሽ፤ እያንዳንዷ ግማሽ ጨረቃ ትመስላለች። ሰው ሲያያቸው እርጅና ይመስሉታል። እርጅና አይደሉም። እኔ በእጄ የሠራኋቸው ናቸው።

ማሽኑን ስገዛው ሐዲዱ መሃሉ ተበልቶ ነበር። ሞተሩንና ማሽኑን የሚያዘውን ኮምፒውተር ከመግጠሜ በፊት ያንን ማስተካከል ነበረብኝ። የልጄ እናት የሞተችበት ክረምት ነው። ሰው ሊያጽናናኝ ይመጣል፤ ያኔም ጆሮዬ ደካማ ነበርና አፋቸው ሲንቀሳቀስ ነው የማየው፤ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ቀጥ ያለ ብረት ላይ ሰማያዊ ቀለም ቀብተሽ ሐዲዱ ላይ ታሳርፊዋለሽ። ቀለም የነካው ቦታ ከፍ ያለው ነው። ያንን ቦታ ብቻ በመፋቂያ ትንሽ፣ ከፀጉር ያነሰ፣ ትፍቂዋለሽ። እንደገና ቀለም፣ እንደገና መፋቅ። ክረምቱ በዚህ አለቀ። አንቺ በሩን እየደበደብሽ "ጋሼ፣ ምንድነው እንደ አይጥ የምትፍቀው? ሰው መጥቷል፣ ውጣ!" ትዪኝ ነበር። መደብደቡን በእግሬ ነው የሰማሁት፤ የጮህሽውን በኋላ ነው የነገርሽኝ።

እያንዳንዷ ጭረት ዘይት የምታቆር ኪስ ናት። ለስላሳ ብረት በለስላሳ ብረት ላይ ዘይት አይዝም፤ ተጣብቆ ይናከሳል። ለልጄ እናት በሰው ፊት አንድ ቀን አላለቀስኩላትም፣ ታስታውሻለሽ፤ ሰዉም አምቶኛል፤ አንቺም ሳታሚኝ አልቀረሽም። ያለቀስኩት እዚያ ላይ ነው።

ለዝምተኛው ሐዲዱን አሳዪው። ኮምፒውተሩ ያረጃል፣ ሞተሩም ይቀየራል፤ እኔ ለሰው አስረክቤው የምሄደው ነገር ቢኖር እነዚያ ጭረቶች ናቸው። አይቶ ዝም ካለ ገብቶታል ማለት ነው።

ወንድምሽ


ሰኔ 27 ቀን
(ያልተላከ)

ጋሼ፣

አጥፍቼዋለሁ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ዝምተኛው መጥቶ በሄደ በማግስቱ ነው። ቆሜ ጀመርኩት፣ መጨረሻውን መሬት ላይ ተቀምጬ አነበብኩት።

ጠረጴዛውን ስጠርግ ዝገቱ ሥሩ እንዳይኖር ብዬ እጀታውን አዙሬ ወደ ጫፍ ወሰድኩት። ሐዲዱ ብቅ አለ። ድመት የቧጨረው ይመስል ነበር። "ይህን አይቶ ማን ይገዛዋል? ጋሼን በዚህ ሊያዋርዱት ነው" አልኩ። ናፍጣው አላስለቀቀውም። ብረታ ብረት መደብር ሄጄ የብርጭቆ ወረቀት ገዛሁ፤ ሻካራውንም፣ ለስላሳውንም። ሁለት ቀን ሙሉ ፈተግኩት። አንድ ጭረት እምቢ ባለኝ ቁጥር ስምህን እየጠራሁ ፈተግኩ። ጠረጴዛውን ወደ ሌላኛው ጫፍ ወስጄ ተሸፍኖ የነበረውንም አልማርኩትም። ሲያልቅ ፊቴን አየሁበት ብዬ ጻፍኩልህ። ተኩራርቼ ጻፍኩልህ።

ዝምተኛው ገብቶ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ክፍሉ ያንተን ሽታ ስለያዘ መሰለኝ። እኔ እንደ ሚዜ ከጎኑ ቆሜያለሁ። ጎንበስ ብሎ ጥፍሩን በሐዲዱ ላይ አሳለፈ። እንደገና አሳለፈ። ጣቱን አይቶ በሱሪው ጠረገው። ከቦርሳው ቀጥ ያለ ብረት አውጥቶ አሳረፈበትና በሥሩ ብርሃን ሲያልፍ አየ። እጀታውን ሲያዞረው ጠረጴዛው አሸዋ እንደ በላ ጥርስ ተንቀጫቀጨ፤ የብርጭቆ ወረቀቱ ብናኝ ገብቶበታል። ዝምተኛው እጀታውን ለቀቀው። "ምነው? አልወደድከውም?" አልኩት። ኮፍያውን አድርጎ ሄደ።

እኔ ደግሞ "ዋጋ ሊያስቀንስ ነው" ብዬ ሰደብኩት፤ በልቤ። በማግስቱ ደብዳቤህ መጣ።

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው እድፍ ሳስለቅቅ ኖሬያለሁ። እድፍ ያልሆነውን መለየት ግን ማንም አላስተማረኝም። ያቺን ክረምት በሩን የደበደብኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ በሩን ከፍቼ ገብቼ ያለቀስክበትን ፍቄ ጨረስኩት። እንዴት ብዬ ነው ይህን የምነግርህ? ክንድህ አብጦ፣ ደምህ በቱቦ እየወጣ፣ "ያን አይቼ ብሄድ ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ" ብለኸኝ።

አልነግርህም። ይህን ደብዳቤ አልልከውም።


ሰኔ 28 ቀን

ጋሼ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አንጀት የሚበላ ደብዳቤ ነው፤ አለቀስኩ፤ ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢበላሽ አትፍረድብኝ።

ዝምተኛው መጥቶ ነበር። ጉድለቱን አስቀድሜ ነገርኩት፣ እንዳልከኝ። ሐዲዱንም አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየበት። ዝም አለ፤ አንተም ዝም ይላል ብለሃል። በጣም ወዶታል። መንገዱ በጭቃ ስለተበላሸ የጭነት መኪና እስኪገኝ ነው እንጂ ይወስደዋል። ደስ ይበልህ።

ክንድህን አደራ። የሞቀ ጨርቅ።

እህትህ


ሐምሌ 6 ቀን

እቱ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል፤ ፊትሽን ያየሽበትም፣ ዝምተኛው የወደደበትም። ደጋግሜ ነው ያነበብኳቸው። እዚህ ሌላ የሚነበብ ነገር የለም፤ የነርሷ ወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው።

ስለ እጥበቱ መልካም ዜና አለኝ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ አድርገውታል። "ንጹሕ ሆኛለሁ ማለት ነው?" ብዬ ሐኪሙን ብጠይቀው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። እንግዲህ ለገበያ ቀርቤያለሁ።

ዝምተኛው ጭረቶቹን ሲያይ እጁን ምን አደረገ? ጥፍሩን አሳለፈባቸው ወይስ መዳፉን? ይህን ብቻ አስታውሰሽ ጻፊልኝ። የማይመች ከሆነ ግን ተዪው። አሮጌ ማሽን ነው፤ ብዙ አትጨነቂበት። ጣቶችሽስ ዳኑ?

ልትመጪ እንዳሰብሽ ልጄ ነግራኛለች። አሁን አትምጪ፤ መንገዱ ጭቃ ነው ብለሽ የለ?

ወንድምሽ


ሐምሌ 14 ቀን

ጋሼ፣

ጣቶቼ ድነዋል። እጥበቱ በመቀነሱ ላውንደሪ ቤት ላሉት ሁሉ አወራሁ፤ ያልሰማ የለም።

ዝምተኛው መዳፉን ነው ያሳረፈው መሰለኝ። በደንብ አላየሁም፤ በር ላይ ሰው ጠርቶኝ ነበር። መኪናው ገና አልተገኘም። የመጀመሪያው ሾፌር ከበደኝ አለ፣ ሁለተኛው ደግሞ ታመመ። ነገ ከነገ ወዲያ አይቀርም። ላስቲኩን በደንብ አልብሼዋለሁ፤ ጣሪያውም አያፈስም። ክፍሉ ውስጥ ብዙ አልገባም፤ ያንተ ቱታ ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ሳየው የቆምክ ይመስለኛል።

ልምጣ ስልህ እምቢ ትለኛለህ። ምነው?

እህትህ


ሐምሌ 23 ቀን

እታለሜ፣

ይህን ደብዳቤ ልጄ ናት የምትጽፈው፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እያለቀሰች ስለሆነ የቀረ ቃል ቢኖር የእሷ ጥፋት ነው።

እኛ ቤት ዕቃ ሲሸጥ ጉድለቱ አስቀድሞ ይነገራል። ስለዚህ የእኔን ልንገርሽ። እጥበቱ የቀነሰው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ክንዴ ላይ መርፌ የሚቀበል ሥር አልቆ ነው። በአንገቴ ሞከሩ፤ እሱም ቆሰለ። አሁን ጨርሶ ቆሟል። ዋሽቼሻለሁ፤ ስለዚህ እኩል ነን።

እኩል ነን ያልኩት ስለማውቅ ነው። "ፊቴን አየሁበት" ብለሽ የጻፍሽልኝ ቀን አውቄያለሁ። የተፋቀ ብረት ፊት አያሳይም፣ እቱ። እኔ በዚያ ሐዲድ ላይ ለዓመታት አጎንብሼ አንድ ቀን ፊቴን አላየሁበትም። ደብዳቤሽን እንደያዝኩ ብዙ ተቀመጥኩ። ተናድጄም ነበር፤ አልደብቅሽም። በረንዳው ላይ የሚያጨሰው ሰውዬ እንኳን ምን ሆነ ብሎ እጁን አነሳልኝ። ከዚያ ጣቶችሽ ትዝ አሉኝ።

ዝምተኛውም ጽፎልኛል፤ በሕይወቱ የተናገረው ረጅሙ ንግግር ነው፣ ልጄ እዚህ ትገልብጠው፦ "ሐዲዱ ተወልውሏል። እኔ እወስደዋለሁ። አትቆጣት።" እኔም ሁለት መስመር መለስኩለት። ከመውሰዱ በፊት እዚያው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛውን አውርዶ፣ ብናኙን አጥቦ፣ ሐዲዱን እንደገና እንዲፍቀው። ብረቱ ወፍራም ነው፤ ሌላ ክረምት ቢፋቅም ይችላል። መፋቂያዬ የት እንዳለ እሱ ያውቃል። በሩን ክፈቺለት እንጂ ምንም አትበዪው።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ "ንጹሕ መሆን አለበት" ብሎ ለእመቤት ሳሙና ጽፎ፣ ስለ ሐዲዱ ደግሞ በሚቀጥለው እነግርሻለሁ የሚል ሞኝ ማን አለ? በሚቀጥለው የሚባል ነገር እንዳለ እርግጠኛ ሆኜ ነበር።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የጻፍሽውና ያልላክሽው ደብዳቤ አለ። አውቅሻለሁ፤ አንቺ ጽፈሽ ካልወጣልሽ አታድሪም። እሱን ላኪልኝ። የሚያምረውን አንብቤዋለሁ። ቶሎ ላኪው፤ ጉድለትሽን ሰምቼ ልሂድ።

ጋሼሽ


ነሐሴ 20 ቀን

ጋሼ፣

ይህን ለማን እሰጠዋለሁ ብዬ ነው የምጽፈው? ሾፌሩ ትናንት ቤት መጥቶ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። እጁ ላይ የእኔ ፖስታ ነበር። ደብዳቤህ በደረሰኝ ዕለት ነበር ያንን ያልላክሁትን በፖስታ አሽጌ ለሾፌሩ የሰጠሁት። እኔ ለቀብርህ ስጓዝ እሱ በሌላኛው መንገድ እያመጣልህ ኖሯል። ልጅህ ሳትከፍተው መልሳ ላከችው፤ "የአባዬ ነው፣ እኔ አልከፍተውም" ብላ። አሁን ቱታህ ኪስ ውስጥ ነው። አልተነበበም። አንተ ግን ሳታነበው አንብበኸዋል፤ በዚህ እጽናናለሁ፤ አልጽናናምም።

ዝምተኛው ላለፉት ሳምንታት በየቀኑ ከሥራ በኋላ ይመጣል። በር እከፍትለታለሁ፤ ምንም አልለውም። ቱታህን አይቶ ሳይነካው አልፎ ይሠራል። ሰማያዊውን ቀለም ቀብቶ ቀጥ ያለውን ብረት ያሳርፋል፤ ያነሳል፤ ይፍቃል። እኔ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ያው ያኔ በር እየደበደብኩ ተው ያልኩህ ድምፅ ነው። አሁን ሲያቆም ነው የምደነግጠው። ትናንት ለአፍታ ዝም ሲል ሮጬ ሄድኩ፤ ለካ ላቡን እየጠረገ ነው።

ዛሬ ጨረሰ። ጠረጴዛውን ከመመለሱ በፊት በእጁ ጠራኝ። ሐዲዱ ከዳር እስከ ዳር በግማሽ ጨረቃ ተሞልቷል፤ ያንተን ይመስላል፤ ያንተ ግን አይደለም፤ ይህን ሁለታችንም አውቀናል። ጫፉ ላይ አንድ ጣት የምታህል ቦታ ሳይፍቅ ትቶ ነበር። መፋቂያህን እጄ ላይ አስቀመጠ። "እኔ? አበላሸዋለሁ" አልኩት። ጣቴን ይዞ መፋቂያው ላይ አስተካከለውና "አንድ ለጋሼ" አለ። ሁለት ቃል።

ፋቅኩ። ጠማማ ሆነች፤ ከሌሎቹ ትለቃለች። ያስተካክላታል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላስተካከላትም። ዘይት ጠብ አደረገባት፤ ዘይቱም እዚያው ቆመ። ያኔ ነው ያለቀስኩልህ፤ ቀብሩ ላይ አልቻልኩም ነበር፤ ሰዉም ሳያማኝ አልቀረም።

ቅዳሜ ሊወስደው መኪና ይመጣል። ሞርሳውን ፈትቶ ጠቅልሎታል፤ መቁረጫዎቹም በሳጥናቸው ናቸው። ጥርሷ የተሰበረችውን ለይቼ አስቀርቻታለሁ። ማሽኑን ዘይት ቀብቼዋለሁ። አልወለወልኩትም።

እህትህ